የእጅ አንጓ ስብራት፦ ሲቲ ስካን የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሰው ሲወድቅ እጁን የሚዘረጋው ሳያስበው ነው። ከባጃጅ ሲወርድ እግሩ የተጠላለፈ፣ በሐረር ጀጎል ቁልቁለት ላይ ድንጋዩ ያንሸራተተው፣ ድሬዳዋ ላይ ከግንባታ መወጣጫ የወደቀ ሠራተኛ፣ ኳስ ሜዳ ላይ የተጠለፈ ልጅ፣ ሁሉም መሬቱን የሚያገኙት በመዳፋቸው ነው። የሰውነት ክብደትና የአወዳደቁ ፍጥነት ተደምረው በእጅ አንጓ ላይ ያርፋሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሰበረውም በአውራ ጣት በኩል የሚወርደው ራዲየስ የተባለው አጥንት ጫፍ ነው። በየትኛውም አገር ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ ከሚታዩት ስብራቶች አንዱ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ካርድ ይወጣል፣ ራጅ ይታዘዛል፣ ጀሶ ይታሰራል። አልፎ አልፎ ግን ሐኪሙ ራጁን አይቶ ሲቲ ስካን እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ ቤተሰቡም ግራ ይጋባል። ሲቲ ስካን የጭንቅላት ምርመራ አልነበረም እንዴ? ራጁ ስብራቱን ካሳየ ሌላ ወጪ ለምን? አንዳንዱ ምርመራው ለገንዘብ ሲባል የታዘዘ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ሲቲ ስላልታዘዘለት ሕክምናው የጎደለበት መስሎት ይከፋል። ሁለቱንም የሚያሳስታቸው የምርመራው ዓላማ በግልጽ አለመነገሩ ነው። አጥንቱ መሰበሩ አብዛኛውን ጊዜ በራጅ ይታወቃል። ሲቲ የሚታዘዘው ስብራቱ በጀሶ ይያዝ ወይስ በቀዶ ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ከሆነስ ከየት በኩል ተገብቶ በምን ይጠገን የሚለውን ለመወሰን ነው። ስለዚህ መልሱ ውሳኔውን ሊቀይር የሚችል ከሆነ ምርመራው ሩቅ መንገድ ቢያስኬድም ያዋጣል። ውሳኔውን የማይቀይር ከሆነ ግን ገንዘብንና ጊዜን ማባከን ነው።

ይህን ለመረዳት የአንጓውን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል። ከክንድ የሚወርዱት አጥንቶች ሁለት ናቸው፤ ራዲየስ በአውራ ጣት በኩል፣ አልና በትንሿ ጣት በኩል። ከእነሱ ቀጥሎ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉ። ከእነዚህ መካከል ስካፎይድና ሉኔት የሚባሉት ሁለቱ በራዲየስ ጫፍ ላይ ባሉ ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች ላይ ይቀመጣሉ። በእጃችን ስንገፋ ወይም ስንደገፍ በአንጓው ከሚያልፈው ጭነት 80 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው ራዲየስ ነው። ጫፉ በልም አጥንት የተሸፈነና ለስላሳ ሲሆን፣ ወደ መዳፍ በኩል 11 ዲግሪ ያህል፣ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ደግሞ 22 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ስብራቱ ይህን ዝንባሌ ሲያዛባ እጅ ማጠፍና መዘርጋት ያስቸግራል፤ አጥንቱ ሲያጥር ደግሞ አልና ወደ ላይ ተገፍቶ የሚወጣ ያህል ይሆንና በትንሿ ጣት በኩል ሕመም ይጀምራል።

የስብራቱ መስመር መገጣጠሚያው ጋ ሳይደርስ ከቀረ ነገሩ ቀለል ይላል። መስመሩ ወደ መገጣጠሚያው ገጽ ከዘለቀ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ለስላሳው ገጽ ላይ ደረጃ ተፈጥሯል ወይ? ሐኪሞች ደጋግመው የሚጠቅሱት ልክ 2 ሚሊ ሜትር ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የመገጣጠሚያ ስብራት የደረሰባቸውን ወጣቶች ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ ቀርቶባቸው የዳኑት አብዛኞቹ በኋላ የመገጣጠሚያ መሸርሸር እንደታየባቸው አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎች የአለካኩን ትክክለኛነት ጠይቀዋል፤ በራጅ ላይ የሚታይ መሸርሸር ሁልጊዜ ሕመም ማለት እንዳልሆነም አስታውሰዋል። ያም ሆኖ ገና ብዙ ዓመት በእጁ ሠርቶ ሊያድር ለሚገባው ሰው ቁጥሩ እስካሁን መመሪያ ሆኖ ያገለግላል። 2 ሚሊ ሜትር እጅግ ትንሽ ነው። በራጅ ላይ በእርግጠኝነት ልለካህ ቢሉት የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው።

ራጅ የማያሳየው ምንድን ነው?

የአየርላንዱ ቀዶ ሐኪም አብርሃም ኮሊስ ይህን ስብራት በ1814 እ.ኤ.አ. ሲገልጹ ራጅ የሚባል ነገር አልነበረም። እጁን ዳብሰው፣ ቅርጹን በዓይናቸው አይተው ነው የጻፉት። የእጁ ቅርጽ እንደተበላሸ ቢቀርም ውሎ አድሮ ያለ ሕመም እንደሚሠራ ያምኑ ነበር። ወደ በኋላ እንደምናየው፣ ይህ እምነታቸው ለአንዳንድ ታካሚዎች ዛሬም ከእውነት የራቀ አይደለም። ጀርመናዊው ሮንትገን ራጅን ያገኘው ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ ሐኪሞች ስብራቱን ራሱን ማየት ጀመሩ።

ራጅ ዛሬም ዋናው ምርመራ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ከፊትና ከጎን በደንብ የተነሣ ራጅ ለአብዛኛው የአንጓ ስብራት በቂ ነው። ችግሩ ራጅ ጥላ መሆኑ ላይ ነው። ጨረሩ በእጁ ውስጥ ሲያልፍ ያገኘውን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ደራርቦ ያሳርፋል። ከመዳፍ በኩል ያለው የአጥንቱ ጠርዝና ከእጅ ጀርባ በኩል ያለው ጠርዝ በፊልሙ ላይ አንድ ቦታ ይወድቃሉ። ጀጎልን ከግንቡ ውጭ፣ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የሚያይ ሰው ቤቶቹ ተደራርበው ይታዩታል፤ የቱ ቤት ከየቱ በስተኋላ እንዳለ፣ በመካከላቸውስ መተላለፊያ ስለመኖሩ ማወቅ አይችልም። ሲቲ ስካን በየመተላለፊያው እየገቡ እያንዳንዱን ግድግዳ ለብቻው ማየት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የራጅ ጨረር የሚያመነጨው ክፍል በእጁ ዙሪያ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ በተቃራኒው በኩል ያሉ መቀበያዎች ምን ያህል ጨረር እንዳለፈ ከየአቅጣጫው ይመዘግባሉ። ኮምፒውተሩም ይህን ሁሉ አስልቶ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ውፍረት ያላቸውን የውስጥ ምስሎች ያወጣል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ማሽን የመጀመሪያውን ታካሚ የመረመረው በ1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሲሆን የታየውም ጭንቅላት ነበር። ሃውንስፊልድና የሒሳቡን መሠረት ያስቀመጠው አላን ኮርማክ በ1979 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ዛሬ ያሉት ማሽኖች የእጅ አንጓን በጥቂት ሰከንዶች ይጨርሳሉ። አንዴ ከተነሣም ያንኑ መረጃ ከላይ ወደ ታች፣ ከጎን ወደ ጎን፣ ከፊት ወደ ኋላ እየቆረጡ ማየት ይቻላል።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። አንድ የ30 ዓመት ወጣት ባጃጅ ሲገለበጥበት በመዳፉ ወድቋል እንበል። ራጁ የራዲየስ ጫፍ መሰበሩን፣ አንድ መስመርም ወደ መገጣጠሚያው መግባቱን ያሳያል። ፊልሙ ላይ ክፉ አይመስልም። ሲቲው ሲነሣ ሐኪሙ በኮምፒውተሩ ላይ ምስሎቹን ከክንድ ወደ መዳፍ አቅጣጫ እያንሸራተተ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚታየው ያልተነካው የአጥንቱ ቅርፊት ነው፤ ዙሪያውን ሙሉ ነጭ መስመር። ጥቂት ምስሎች አለፍ ሲል ነጩ መስመር በእጅ ጀርባ በኩል ይቋረጣል፤ በስብራቱ ውስጥም ትንንሽ ፍርፋሪዎች ይታያሉ። መገጣጠሚያው አጠገብ ሲደርስ አንዱ ስንጥቅ ለሁለት ይከፈላል። አሁን ቁራጮቹ ሦስት መሆናቸው ታወቀ። ከጎን ያለውን ምስል ሲከፍት ደግሞ በገጹ መካከል ያለ ቁራጭ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሰምጦ ያገኘዋል። ራጁ ላይ ይህ ቁራጭ በጤነኛው ጠርዝ ጥላ ተሸፍኖ ነበር።

ይህ የሰመጠ ቁራጭ ሕክምናውን በሙሉ ይቀይራል። የተሰበረ አንጓ ወደ ቦታው የሚመለሰው በመሳብ ነው፤ እጁ ሲሳብ በቁራጮቹ ላይ የተያያዙት ጅማቶች ይወጠሩና አጥንቶቹን ይዘው ይመጣሉ። መካከል ላይ የሰመጠው ቁራጭ ግን ጅማት አልተያያዘበትም። የፈለጉትን ያህል ቢስቡት አይነሣም። ሉኔት የተባለው አጥንት እንደ መዶሻ መትቶ ያሰመጠው በመሆኑ፣ ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ የሚገፋ ሰው ይፈልጋል። አንዳንድ ጊዜም የተፈጠረውን ክፍተት ለመሙላት ከሌላ ቦታ አጥንት መውሰድ ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ቀዶ ሐኪም መሣሪያውን አዘጋጅቶ፣ ለታካሚውም ነግሮ ይገባል። ያላወቀው ግን ሰውየው ከተደነዘዘ በኋላ ነው የሚያውቀው።

ሌላው የምፈራው ቁራጭ በመዳፍ በኩል፣ ወደ ትንሿ ጣት ባዘነበለው የራዲየስ ጥግ ላይ ያለው ነው። ትንሽ ነው፤ በራጅ በቀላሉ ያመልጣል። ነገር ግን አንጓውን ከራዲየስ ጋር አጥብቀው የሚይዙት ጠንካራ ጅማቶች የተያያዙት እዚያ ላይ ነው። የተለመደው ሕክምና በመዳፍ በኩል ብረት አስገብቶ በብሎን ማሰር ነው። ብረቱ ይህን ጥግ ሳይዝ ከቀረ ሌላው ሁሉ አምሮ ቢቀመጥም ቁራጩ ሾልኮ ይወጣል፤ አንጓውም ተከትሎት ወደ መዳፍ በኩል ይንሸራተታል። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይመጣል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው የከበደ ነው። በሲቲ የቁራጩ ስፋት ተለክቶ የተለየ ብረት፣ ቀጭን ሽቦ ወይም ሌላ አያያዝ አስቀድሞ ይታሰባል።

በእጅ ጀርባ በኩል ያለው ጥግስ? እሱም ራዲየስና አልና እርስ በርስ የሚገናኙበት ቦታ አካል ነው። መዳፍን ገልብጦ እንጀራ መቀበል፣ ቁልፍ ማዞር፣ ፊት መታጠብ የሚቻለው ይህ መገናኛ ደህና ሲሆን ነው። በራጅ ፊልም ላይ ይህን ቦታ አጥርቶ ማየት ያስቸግራል፤ በሲቲ አግድም ምስል ግን ወዲያው ይታያል። ሐኪሙ በመዳፍ በኩል ብቻ ልግባ፣ በእጅ ጀርባ በኩል ልግባ ወይስ በሁለቱም የሚለውን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ይህን አይቶ ነው። አጥንቱ ከመጠን በላይ ከተፈረፈረ ደግሞ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ከመልቀም ይልቅ በውጭ በኩል በሚታሰር ብረት ወይም አንጓውን አልፎ በሚዘረጋ ብረት ወጥሮ ማቆየት ሊመረጥ ይችላል።

የአጥንት ሐኪሞች መጀመሪያ ራጁን ብቻ፣ ቀጥሎ ሲቲውን ጨምረው እንዲያዩ የተደረገባቸው ጥናቶች አሉ። ሲቲውን ካዩ በኋላ ዕቅዳቸውን የሚቀይሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ በሐኪሞች መካከል ያለው ስምምነትም ይሻሻላል። እዚህ ላይ እውነቱን ሙሉ መናገር ይገባል። ሲቲ የተነሣላቸው ሰዎች ከዓመት በኋላ ከሌሎቹ የተሻለ እጅ ይኖራቸዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ ያለው ማስረጃ የዚህን ያህል ጠንካራ አይደለም። ሲቲ አያድንም። የሚያድነው በሲቲው ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ሥራ ነው። ያንን ሥራ የሚሠራ ሐኪም፣ ብረትና የቀዶ ሕክምና ክፍል በሌሉበት ምስሉ ብቻውን ምንም አይፈይድም።

የማያስፈልጋቸውም ብዙዎች ናቸው

እናቶቻችንን እንውሰድ። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ያለፈ፣ ግቢ ውስጥ አዳልጧቸው የወደቁ እናት ራዲየሳቸው ቢሰበርና አጥንቱ በጥቂቱ ወደ ኋላ ቢያጋድል፣ ብዙ ጊዜ ወደ ቦታው መልሶ ጀሶ ማሰር ይበቃቸዋል። በዚህ ዕድሜ ቀዶ ሕክምናንና ጀሶን ያወዳደሩ ጥናቶች ብረት የገባላቸው ሰዎች ራጅ ይበልጥ ያማረ እንደሚሆን፣ ከዓመት በኋላ ግን እጃቸውን የሚጠቀሙበት ሁኔታ ከሌሎቹ እምብዛም እንደማይለይ ደጋግመው አሳይተዋል። የኮሊስ አሮጌ አባባል የሚያገለግለው እዚህ ነው። እንዲህ ያለችውን እናት ለሲቲ ብሎ ከከተማ ከተማ ማንከራተት ጭካኔ ነው። በእርግጥ ዕድሜ ብቻውን አይወስንም፤ በ70 ዓመታቸው ጀብሎ ይዘው መርካቶ ወርደው የሚነግዱ፣ እጃቸውን እንደ ወጣት የሚጠቀሙ ሰዎች አሉና ሐኪሙ የኑሯቸውን ሁኔታ መጠየቅ ይኖርበታል። በነገራችን ላይ በዚህ ዕድሜ በቀላል አወዳደቅ የሚሰበር አጥንት የመሳሳት ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ከጀሶው ባሻገር ያ ጉዳይም ይታይ።

የስብራቱ መስመር መገጣጠሚያውን ያልነካ፣ ከተመለሰም በኋላ በራጅ ቦታውን ይዞ የሚታይ ሰውም ሲቲ አያስፈልገውም። ሕፃናትም እንዲሁ፤ አጥንታቸው ገና እያደገ ስለሆነ ትንሽ መጣመምን ራሱ ያቃናዋል፤ አብዛኞቹ በጀሶ ይድናሉ።

ስካፎይድ ግን ለየት ይላል። በአውራ ጣት ሥር፣ ጣቱ ሲዘረጋ ጎድጎድ በሚለው ቦታ ላይ ሲነኩት የሚያም ከሆነ ይህ ትንሽ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የተነሣው ራጅ ግን ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ደም የሚደርሰው ከጣት በኩል ወደ ክንድ በኩል እየተመለሰ በመሆኑ፣ ሲሰበር ወደ ክንድ ያለው ክፍል ደም አጥቶ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። እዚህ ሲቲ ወይም ኤም አር አይ (በማግኔት ኃይል ምስል የሚያነሣ ምርመራ) የተደበቀውን ስብራት ለማግኘትም ይጠቅማል። ሁለቱም በሌሉበት ያለው አማራጭ እጁን አስሮ ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ራጁን መድገም ነው። ራጁ ደህና ነው ተብላችሁ ሕመሙ ያልለቀቃችሁ ሰዎች ተመለሱ። አደራ።

ቅደም ተከተሉ

የሚያሳዝነኝ ሲቲ ሲጠበቅ ሌላው ነገር ሲቆም ነው። የተጣመመ አንጓ ሲቲ እስኪገኝ ተጣምሞ መቆየት የለበትም። በመጀመሪያ ማደንዘዣ ተሰጥቶ አጥንቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በግማሽ ጀሶም ይያዛል። ሲቲው ከዚያ በኋላ፣ ጀሶው እንዳለ ሊነሣ ይችላል፤ ጀሶ ምስሉን አያበላሽም። እንዲያውም ከተመለሰ በኋላ የተነሣው ሲቲ ይሻላል። ቁራጮቹ በየቦታቸው ተቀራርበው ስለሚታዩ የቱ የየት እንደሆነ ይለያል፤ በመሳብ ያልተመለሰውም የትኛው እንደሆነ ይታወቃል።

ሲቲን የማይጠብቁ ሁኔታዎችም አሉ። ቆዳው ተቀዶ አጥንት ከታየ ወይም በስብራቱ ላይ ቁስል ካለ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መካከለኛው ጣት ከደነዘዙና ድንዛዜው እየባሰ ከሄደ በአንጓው ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቋል ማለት ነው፤ ይህም የዚያኑ ቀን ሐኪም ይፈልጋል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠም እንዲሁ።

ስለ ወጌሻ ሳይነሣ ስለ ስብራት መጻፍ አይቻልም። በድሬዳዋም በሐረርም፣ በዙሪያቸው ባሉ ገጠሮችም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው፤ ቅርብ ናቸው፣ ይታመናሉ፣ ወጪያቸውም ይቀላል። እነዚህን አባቶች መስደብ ምንም አይጠቅምም። ሁለት ነገሮችን ግን በግልጽ ማወቅ ያሻል። አንደኛው በቀርከሃና በጨርቅ በጣም ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም እንዳይደርሰው ሆኖ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ መቻሉ ነው፤ ይህ በአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ያዩት ጉዳት ነው። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ወደ መገጣጠሚያው የገባ ስብራት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ቢታከም ቁራጮቹ ገና ይንቀሳቀሳሉ። ሦስትና አራት ሳምንት ካለፈ በኋላ አጥንቱ በተጣመመበት መያያዝ ይጀምርና ሥራው የገጠመውን ሰብሮ እንደገና ማስተካከል ይሆናል።

ወደ ምርመራው ስትሄዱ

ሲቲ ያለበት ቦታ ሁልጊዜ በከተማችሁ ላይሆን ይችላል፣ ወይም ማሽኑ ለጥገና ቆሞ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራና ሳቢያን፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋናና ጀጎል ሆስፒታሎች አሉ፤ በሁለቱም ከተሞች የግል ተቋማትም አሉ። በከተሞቹ መካከል ያለው በደንገጎ ጠመዝማዛ የሚያልፍ የ50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለተሰበረ እጅ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከመነሣት በፊት ስልክ ደውሎ ማሽኑ እየሠራ መሆኑን፣ ዋጋውን፣ የጤና መድን ካላችሁም ይሸፍን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ለእጅ አንጓ ስብራት ሲቲ መጾም አያስፈልግም፤ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር ግን መውለቅ አለባቸው። ብረት በሲቲ ምስል ላይ ነጭ ጨረር የሚመስል መስመር እየሠራ ልናይ የፈለግነውን ይጋርዳል። የሐረር ሴቶች የወርቅና የብር አምባር ለዓመታት ከእጃቸው ሳይወጣ ስለሚኖር፣ እጁ ካበጠ በኋላ ማውለቁ ፈተና ነው። እጁ እንደተሰበረ ወዲያው፣ እብጠቱ ሳይበረታ፣ በሳሙና ወይም በዘይት አውልቁት። ቀለበትማ ለምስሉ ብቻ ሳይሆን ለጣቱም ደኅንነት መውለቅ አለበት፤ ያበጠ ጣት ላይ የቀረ ቀለበት ደም ያግዳል።

በማሽኑ ላይ ብዙ ጊዜ በሆድ ተተኝቶ የተሰበረው እጅ ከራስ በላይ ይዘረጋል። ትከሻ የሚያማቸው ሰዎች ይቸገራሉና አስቀድመው ይናገሩ። አተኛኘቱ እንዲህ የሆነው ጨረሩ ደረትንና ሆድን እንዳያገኝ ነው። ስለ ጨረሩ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱም የሚያረጋጋ ነው። የእጅ አንጓ ሲቲ በዚህ አኳኋን ሲነሣ ለሰውነት የሚያደርሰው ጨረር በተለመደው አሠራር ከ0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) በታች ነው። በዓለም ላይ ያለ ሰው ከመሬትና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ያም ሆኖ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን ትችላለች ብላ የምታስብ ሴት ለባለሙያው መንገር አለባት።

ከሁሉም በላይ የማሳስበው ውጤቱን ስለ መያዝ ነው። በፊልም ታትሞ የሚሰጣችሁ ከብዙ መቶ ምስሎች የተመረጡ ጥቂቶች ናቸው። ለቀዶ ሐኪሙ የሚያስፈልጉት ሁሉም ናቸው፤ እያንሸራተተ የሚያየው እነሱን ነውና። ስለዚህ ሲዲ ጠይቁ፤ ሲዲ ከሌለ በፍላሽ እንዲገለበጥላችሁ ለምኑ። የሚጽፈው ሐኪምም በማዘዣው ላይ «የእጅ አንጓ ሲቲ» ብሎ ብቻ ባይተወው መልካም ነው። ምስሉ በስስ ቁራጭ፣ በሦስቱም አቅጣጫ ተሠርቶ እንዲወጣ፣ ጥያቄውም ምን እንደሆነ፣ ለምሳሌ የመገጣጠሚያው ደረጃ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ በመዳፍ በኩል ያለው ጥግ መሰበር አለመሰበሩን፣ ቢጽፍበት የሚያነበው የራዲዮሎጂ ሐኪም ለዚያ ይመልሳል።

ሐኪማችሁን በአክብሮት አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ዶክተር፣ የሲቲው ውጤት እንዲህ ከሆነ ምን ያደርጉልኛል፣ እንዲያ ከሆነስ?» ሁለቱ መልሶች የተለያዩ ከሆኑ ብድር ገብታችሁም ቢሆን ተነሡ። አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ ለምን እንደታዘዘ በድጋሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሲቲው ተነሥቶ ጀሶው ይበቃል ከተባላችሁም ገንዘባችሁ ባከነ አትበሉ፤ ከማያስፈልግ ቢላዋ አድኗችኋል።

ቀጠሮውን እስክትጠብቁ ድረስ እጃችሁን ከልባችሁ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ስትተኙም ትራስ ላይ አሳርፉት። ጣቶቻችሁን በየሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፣ ጨብጡ፤ ክርናችሁንና ትከሻችሁንም አንቀሳቅሱ፣ አለዚያ ስብራቱ ድኖ መገጣጠሚያዎቹ ይደርቃሉ። ሕመሙ በማስታገሻ አልቀንስ ካለ፣ ጀሶው ከጠበበ ወይም ጣቶቻችሁ ከደነዘዙ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ የጠበበ ጀሶ ተቀዶ መላላት የሚችል ነገር ነው።